የጣሊያኗ ምንጣፍ

ከሚሴ ውስጥ የመኪና ወንበርና የወለል ምንጣፍ የሚያድስ ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም በድሩ ነው። ስሙ ከነሙያው «በድሩ ታፒሰሪ» ተብሎ ነበር የሚጠራው። በ1996 ዓ.ም. ኅዳር ወር፣ ሕዝቡ የጁምዓ ሶላት ሰግዶ ሲመለስ፣ ይህ ሰው በገዛ ሱቁ ውስጥ ጭንቅላቱን ተመትቶ ተገኘ። የተመታበት መዶሻ የራሱ ነበር፤ ኋላ ሚስቱን ከሁሉ በላይ ያስለቀሳትም ይኸው ነው።

ኢንስፔክተር ሚፍታህ ሲደርስ በሩ ላይ ሰው ተደራርቧል። ገፍቶ ገባ። በድሩ በጎኑ ወድቋል። አጠገቡ የቆመችው «ጣሊያኗ» ናት፤ ባለ ሁለት ወንበር፣ ጣሪያዋ ሸራ፣ ቀለሟ ድሮ ቀይ የነበረ፣ ከንጉሡ ዘመን የተረፈች ስፖርት መኪና። ከሚሴ ውስጥ የማያውቃት የለም፤ ከሃያ አምስት ዓመት በታች የሆነ ሰው ግን ስትሄድ አይቷት አያውቅም። ወንበሮቿ ተፈትተው ግድግዳ ሥር ተቀምጠዋል። በሾፌሩ በኩል ወለሏ ላይ አዲስ ቀይ ዳማ ሞኬት ምንጣፍ ተለጥፏል። በሌላው በኩል ባዶ ላሜራ ነው።

«ይተነፍሳል!» አለ ሳጅን ሙስዐብ ተንበርክኮ።

በፖሊስ ፒካፕ ጭነው ወደ ጤና ጣቢያ በረሩ። ሚፍታህ ከኋላ ጭንቅላቱን ደግፎ ይዞት ነበር። መንገድ ላይ በድሩ ዓይኑን ገለጠ።

«በድሩ፣ ማን ነው የመታህ?»

ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። «አፋ…» አለ። ትንፋሹ ተቆረጠና እንደገና ታገለ። «አፋ… ጀ…»

ከዚያ ወዲያ የመጣው ቃል አልነበረም። ጤና ጣቢያው በር ላይ ሲደርሱ አልፏል። ሚፍታህ እጁን በሱሪው ጠርጎ ደብተሩን አወጣና «አፋር» ብሎ ጻፈ። ሰዓቱንም አስከትሎ ጻፈ፤ ስምንት ከአሥር።

ከሱቁ ፊት ለፊት ሻይ የምትሸጠው ሀዲጃ ዓይኗ አብጦ ነበር።

«ዛሬ ሱቁ የመጣ እንግዳ ሰው አይተሻል?» ሲል ጠየቃት።

«አንድ ሰው መጥቷል። ያ የሰንበቴው ከብት ነጋዴ፣ ሁመድ። ሦስት ሰዓት ላይ። ለፒካፑ ያሰፋው ሸራ ውሃ አስገባብኝ ብሎ ሲጮህ ሰፈሩ ሁሉ ሰማው። በድሩ ‹ወላሂ መልሼ እሰፋልሃለሁ› እያለ ነው የሸኘው።»

«የየት አገር ሰው ነው ሁመድ?»

«አፋር ነው አቦ! ማን የማያውቀው።»

ሚፍታህ ደብተሩን ዘጋ። ለፖሊስ እንዲህ አልጋ በአልጋ የሆነ ጉዳይ ሲገጥመው ቆም ብሎ መጠርጠር ነበረበት። ያን ቀን አልጠረጠረም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁመድን ሰንበቴ መናኸሪያ ላይ፣ ከሰው መሃል ይዘው አመጡት።

ሁመድ ቀጭን፣ ረጅም፣ ነገሩን ሁሉ በእርጋታ የሚያደርግ ሰው ነበር። ከወገቡ የማይለየውን ጊሌ፣ ያን ቆልማማ ጩቤ፣ በር ላይ ተቀብለውታል።

«ከበድሩ ጋር ተጣልተሃል» አለው ሚፍታህ።

«ተጣልቻለሁ። ለሸራ ሰው አይገደልም።»

«ከሱቁ ወጥተህ የት ሄድክ?»

«ጎሚስታ ጋ። ሁለት ጎማዬ ተበሥቶ ነበር። ከአራት ሰዓት እስከ ስድስት ተኩል እዚያው ነበርኩ። የጎሚስታውን ሰው ጠይቅ።»

«በሶላት ሰዓትስ?»

«መንገድ ላይ። ጁምዓው አመለጠኝና ዳር ወጥቼ ብቻዬን ሰገድኩ።»

«ማን አየህ?»

«አላህ።»

ሚፍታህ ደብተሩን ገልጦ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። «ሟቹ ከመሞቱ በፊት ‹አፋር› ብሏል።»

ሁመድ የደብተሩን ገጽ ሳይሆን ሚፍታህን ነበር የሚያየው። «አፋር ስንት ሰው ነው?» አለ ቀስ ብሎ። «‹ደሴ› ቢልህ አንተን ያስሩህ ነበር? ደሞ እኔ ሰው ብገድል፣ ጊሌዬን ታጥቄ የሰው መዶሻ ፍለጋ አልገባም።»

ሚፍታህ ደሴ ማደጉን የነገረው ሰው አልነበረም፤ አነጋገሩ አሳብቆበት ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ሐጂ ኑርሁሴን ሁለት ሽማግሌ አስከትለው ፖሊስ መምሪያ መጡ። በከሚሴ የተጣላን የሚያስታርቁ፣ የፈሰሰን ደም የሚያደርቁ እሳቸው ናቸው፤ ስማቸው ሲነሳ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። አንድ ዓይናቸው በነጭ ፋሻ ታስሯል። ደሴ ታክመው የተመለሱት ከትናንት ወዲህ ነው።

«ልጄ፣ ነገ እሁድ ነው» አሉ። «ሰንበቴ ገበያ ነው። የሁመድ ዘመዶች ከቆላ ይወጣሉ፣ የበድሩ ዘመዶች ከጨፋ ይመጣሉ። አንድ ሜዳ ላይ ሲገጣጠሙ የሚሆነውን ላንተ አልነግርህም። ጥፋተኛው እሱ ከሆነ በጊዜ አሳውቁንና እኛም በካሣ እንጨርሰው።»

«ምርመራው ገና ነው፣ ሐጂ።»

«ሟቹ ተናግሯል ይባላል እኮ።»

«ተናግሯል።»

«እንግዲያ ከሟች ቃል በላይ ምን አለ?» አሉና መርቀው ወጡ።

አዛዡ በሩ ሲዘጋ ጠብቆ ተናገረ። «እስከ ነገ ጠዋት ወይ መዝገቡን ዘግተህ አምጣልኝ፣ ወይ ሌላ ሰው አምጣልኝ። ገበያው ላይ ሰው ቢሞት ያንተ ሙት ነው።»

ሚፍታህ መዝገቡን ሊዘጋ ተቀመጠ። ‹ደሴ ቢልህ አንተን ያስሩህ ነበር?› የሚለው ነገር ግን እንደ እሾህ ሆኖበት ነበር። ተነሣና ሙስዐብን ይዞ ወደ ሱቁ ተመለሰ።

የማስቲሹ ቆርቆሮ ክዳኑ ተከፍቶ መኪናዋ አጠገብ ተቀምጧል። ሙስዐብ ብሩሹን ሲስበው ቆርቆሮው አብሮ ተነሣ። «ድንጋይ ሆኗል» አለ።

ሚፍታህ ጠረጴዛውን እያየ ነበር። የበድሩን አሠራር ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አሮጌውን ምንጣፍ ሳይቀድ ይነቅልና አዲሱ ላይ ዘርግቶ ዙሪያውን በጠመኔ ያሰምራል፣ ከዚያ ይቆርጣል። አሮጌው ልኩ ነው፤ መኪናው ተሠርቶ እስኪወጣ አንዲት ቁራጭ አይጥልም። የሾፌሩ በኩል አሮጌ ቁርጥራጮች በጠመኔ ቁጥር ተጽፎባቸው ተደርድረዋል። የሌላው በኩል ግን የለም። ከሥሩ የሚነጠፈው ወፍራም ጨርቅም የለም።

«ያረጀ ምንጣፍ ማን ይሰርቃል?»

«በስብሶ ጥሎት ይሆናላ» አለ ሙስዐብ።

«ልኩን ጥሎ አዲሱን በምን ሊቆርጠው?»

ሙስዐብ ትከሻውን ሰበቀ። ባዶው ላሜራ ላይ ዝገትና፣ አውራ ጣት በምታህል በሬንጅ የተደፈነች ቀዳዳ ብቻ ነበር የሚታየው። ያረጀ መኪና ወለሉ መበሣቱ ብርቅ አይደለምና አለፏት።

በድሩን መጀመሪያ ያገኘው ሙሀመድኑር፣ የሐጂ ኑርሁሴን ልጅ ነው። ሙስዐብ ዓይኑን ጥሎበት ነበር፤ የተመታ ሰው ቀድሞ ያገኘ መቼም ከጥርጣሬ አያመልጥም። ልጁ ጥያቄ ሲመጣ እንባው ቀደመው።

«መኪናዋ የማን ናት?»

«የአማና ናት። የበድሩ ታላቅ ወንድም የዓብዱ ነበረች። የአንድ ጣሊያን መሐንዲስ ሾፌር ነበር፤ ጣሊያኑ አገሩ ሲገባ ሰጠው። በ70 ዓ.ም.፣ በዚያ በክፉ ቀን፣ አባቴ እስከ ጅቡቲ ድንበር ሸኘው። ‹እስክመለስ ጠብቅልኝ› አለው። ይኸው ሃያ ስድስት ዓመት አባቴ ሞተሯን እንኳ አላስነሣም።»

ይህን ታሪክ ሚፍታህም ሰምቶታል። ከሚሴ ስለ አማና ሲወራ የሐጂ ኑርሁሴንና የጣሊያኗ ነገር ሳይነሣ አይቀርም።

«ታዲያ ማን እንድትታደስ ፈቀደ?»

«እኔ ነኝ። አባቴ ለዓይኑ ደሴ ሲሄድ ወሰድኳት። አዲስ ሆና ላስደስተው ብዬ። በድሩ ‹የወንድሜ ናት› ብሎ በፍቅር ነው የያዛት።»

«በሶላት ሰዓት የት ነበርክ?»

«መስጊድ፣ ከአባቴ ጎን። ከዚያ በፊትም ሱቃችን ውስጥ ከደንበኞች ጋር ነበርኩ። የፈለግኸውን ጠይቅ።»

ጠየቁ፤ እውነት ነበር።

ሚፍታህ የበድሩ ቤት የደረሰው እኩለ ቀን ላይ ነው። ሚስቱ ሳቢራ ዒዳ ላይ ናት፤ ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ከባዕድ ወንድ ፊት አትቀርብም። በጓዳውና በሳሎኑ መካከል መጋረጃ ተጋርዷል። ጥያቄውን ለመጋረጃው ጠየቀ፤ መጋረጃው መለሰለት።

«አብሽሪ ሳቢራ፤ አላህ ይዘንለት። ሚፍታህ ነኝ፣ ፖሊሱ።»

«አሚን። ገዳዩን አገኘ ያሉኝ አንተን ነው?»

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በድሩ የማስቲሹን ቆርቆሮ ከፍቶ ይተወዋል?»

«ኸረ በጭራሽ! አየር ካገኘው ይደርቃል። አዛን ሲሰማ ከሁሉ በፊት ክዳኑን ነው የሚገጥመው፣ ከዚያ ነው እጁን የሚታጠብ። ሃያ ዓመት አብሬው ሰፍቻለሁ፤ አንድ ቀን ረስቶ አያውቅም።»

ሚፍታህ ባለበት ቆመ። አዛኑን ሰምቶ ቢሆን ክዳኑ ይገጠም ነበር። እንግዲያ የተመታው ከአዛን በፊት ነው። ከተማው ሁሉ በሶላት ሰዓት ነው ብሎ ሲያወራ፣ እሱም በሶላት ሰዓት ብሎ ሲጠይቅ ነበር። ከአዛን በፊት ደግሞ ሁመድ፣ የጎሚስታው ሰውም እንደመሰከረለት፣ ጎማው ተፈትቶ እዚያው ተቀምጧል።

ሳቢራ በመጋረጃው ሥር እግሩን አየችው። «ቆመሃል እንዴ? መሪየም፣ አፋ ኢራ ታኢ በይው እንጂ! ሐዘን ቤት ሰው ቆሞ ይውላል?»

ጎረቤቷ መሪየም ወደ ወለሉ እያመለከተች ፈገግ አለችለት።

«ምን… ምን አልሽ አሁን?»

«አፋ። ምንጣፉ ላይ ተቀመጥ ነው የምልህ። አንደበቴ ወደዚያው ሄዶብኝ ነው። በድሩና እኔ እቤታችን በኦሮምኛ ነበር የምናወራ።»

ሚፍታህ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ። «ከምንጣፉ ሥር ለማለትስ?»

«አፋ ጀላ።»

ቃሉን ያውቀው ነበር። እናቱ የጨፋ ሮቢት ሴት ነበረች፤ ሰባት ዓመት ሆኖት እሷ እስክትሞት ድረስ፣ የተኛው አፋ ላይ ነበር። ከዚያ ደሴ ወሰዱት፤ ትምህርት ቤት ሲስቁበት ቋንቋውን ጣለው፣ ጥሎትም ረሳው። በድሩ ሲሞት የነገረው በእናቱ ቋንቋ ነበር። እሱ አንዲት ‹ር› ጨምሮ ሰው አሰረበት። እንዲህ ያለ ሐፍረት ተሰምቶት አያውቅም።

«በድሩ ሲሞት ያለው እሱን ነው» አለ ወደ መጋረጃው። «‹አፋር› ያልኩት እኔ ነኝ።»

«ያ ሰው እስካሁን ታስሯል?» አለች ሳቢራ።

«አዎ።»

«ታዲያ እኔ ዘንድ ምን ትሠራለህ? ሂዳ!»

ሚፍታህ ሙስዐብን ይዞ ወደ ሱቁ ተመለሰና የመኪናዋን አዲስ ሞኬት ከዳር ዳር ዳሰሱት። ፔዳሎቹ አጠገብ አንዱ ጥግ በወጉ አልተለጠፈም ነበር። ሚፍታህ ጣቱን አስገብቶ ላጠው። ከሥሩ በላስቲክ የተጠቀለለ የደርግ ዘመን የቀበሌ መታወቂያ ወጣ። ግማሹ ጠቁሯል፤ ፎቶው ግን ይታያል። ሙስዐብ ስሙን አነበበ።

«ዓብዱ… ጅቡቲ የገባው ዓብዱ?»

ሚፍታህ ካቻቢቴ ተቀብሎ በሌላው በኩል ያለችውን የሬንጅ ድፍን ገፋት። ወደቀች። የቀዳዳዋ ጠርዝ ወደ ታች ተቀልብሷል፤ ከመኪናው ውስጥ ወደ መሬት የተተኮሰ ጥይት ነው የበሣት። ያኔ የጠፋው አሮጌ ምንጣፍ ነገር ገባው። ያረጀ ምንጣፍ የሚሰርቅ፣ በላዩ የፈሰሰውን የሚያውቅ ሰው ነው።

መንገዱን ተሻግሮ ሀዲጃ ፊት ቆመ። «ትናንት ከሁመድ በኋላ ማን ገባ?»

«ማንም አልገባም አልኩህ እኮ።»

«ያኔ የጠየቅሁሽ ስለ እንግዳ ሰው ነው። አሁን ስለማንኛውም ሰው ነው የምጠይቅሽ።»

ሀዲጃ ግራ ተጋባች። «ሐጂ ኑርሁሴን ገብተዋል፤ አምስት ሰዓት ግድም። ኸረ እሳቸው ይቆጠራሉ እንዴ? ያረጀ ጨርቅ በማዳበሪያ ይዘው ወጡ፤ በሩንም ራሳቸው ገጠም አደረጉት። በድሩ ለጁምዓ ቀድሞ የወጣ ነው የመሰለኝ።» አፏን በነጠላዋ ያዘች። «ያ ረቢ!»

ከሰዓት በኋላ፣ ከዐስር ሶላት መልስ፣ ሐጂ ኑርሁሴን ግቢያቸው ውስጥ፣ ጣሊያኗ ሃያ ስድስት ዓመት ከቆመችበት ዳስ ሥር ተቀምጠው ነበር። ሙሀመድኑር በሩን ከፈተላቸው።

«ሐጂ፣ አማናዎን ላስረክብ መጣሁ» አለና ሚፍታህ መታወቂያውን ዘረጋላቸው።

ሽማግሌው ወደ ደህናው ዓይናቸው አስጠጉት።

«የት አገኛችሁት?»

«ከምንጣፉ ሥር። ኬላ ላይ እንዳይያዝ ዓብዱ ሸጉጦት ይሆናል፤ በዚያ ዘመን ሰው እንዲህ ያደርግ ነበር። በድሩም አግኝቶ አዲሱ ሥር መልሶ ሸሸገው።»

«ከምንጣፉ ሥር…» አሉ ለራሳቸው። «እኔ ኪሱን ሁሉ በርብሬ አጥቼው…»

ቀሪውን ዋጡት። የዋጡት ግን ዘግይተው ነው። ሙስዐብ እስክርቢቶውን አቆመ። በሩ ላይ ሙሀመድኑር ግድግዳውን ይዞ ቆሟል።

«አባባ?» አለ።

ሐጂ ኑርሁሴን ወደ ልጃቸው አልዞሩም። «ኬላው ላይ የደርግ ሰዎች ለይተው ያዙኝ» አሉ። «‹ወይ እሱን፣ ወይ ራስህን› አሉኝ። ሞት ፈራሁ። ከባቲ ወዲያ ከመንገድ አወጣሁት፤ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ… እዚያው ቀበርኩት። ተመልሼ ሸኘሁት አልኩ፤ ሰው አመነኝ። መኪናዋን ልሽጣት ስል አማና ጠባቂ ተባልኩ፤ ላቃጥላት ስል መስጊድ ውስጥ ተመሰገንኩ። እንዲሁ ከእሷ ጋር አረጀሁ።»

«በድሩስ?»

«መኪናዋን ከግቢ ሳጣት ሮጬ ሄድኩ። ጨርቁን አውጥቶ፣ ደሙን አይቶ ጠበቀኝ። ‹ዛሬ በጁምዓ፣ በሰው ፊት ትናገራለህ› አለኝ። ለመንኩት። እምቢ አለኝ።»

«ከዚያም መምሪያችን መጥተው ስለ ሁመድ ካሣ አወሩን።»

ሽማግሌው ቀና አሉ። «አፋር ያልኩት እኔ አይደለሁም ልጄ። አንተ ነህ።»

እውነት ነበር። ሚፍታህ ሽማግሌውን አስነሥቶ ወደ መምሪያው ወሰዳቸው።

ወሬው ከሚሴን ለማዳረስ አንድ ሰዓት አልፈጀበትም። ሰውን ማመን ቀብሮ ነው እያለ ያለቀሰ ብዙ ነው። ሙሀመድኑር ያን ምሽት ከግቢው አልወጣም፤ ጎረቤቶች ሄደው አብረውት አደሩ።

እሁድ ማለዳ ሚፍታህ የማረፊያ ቤቱን በር ራሱ ከፈተ። ጊሌውን በሁለት እጁ ይዞ ለሁመድ አቀረበለት።

«አፉ በለኝ» አለው፤ በዚያ አገር ሰው ይቅርታ የሚለምነው እንዲህ ብሎ ነው።

ሁመድ ጊሌውን ታጠቀ። «የያዝከኝ እዚህ ነው?»

«አይደለም። ሰንበቴ፣ ሰው መሃል።»

«እንግዲያ እዚያ በለኝ።»

ሰንበቴ ሲደርሱ ገበያው ቆሟል፤ የሚሸጥ የሚለውጥ ግን አልነበረም። በአንድ ወገን የሁመድ ዘመዶች ግመሎቻቸውን ሳያራግፉ፣ በሌላው ወገን የበድሩ ዘመዶች ዱላቸውን ሳያስቀምጡ ቆመዋል። የሐጂውን ነገር የሰማም ያልሰማም ነበር። ሚፍታህ ኮፍያውን አውልቆ መሃል ገባ።

«ሁመድ ሰው አልገደለም» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ገዳዩ በእጃችን ነው፤ የከሚሴ ሰው ነው፤ አምኗል። በድሩ ሲሞት ‹አፋ ጀላ› አለኝ፤ ከምንጣፉ ሥር እይ ማለቱ ነበር። እኔ ‹አፋር› ብዬ ሰማሁ። የእናቴ ቋንቋ ነው፤ ማወቅ ነበረብኝ። ጥፋቱ የኔ ነው። ሁመድ፣ አፉ በለኝ።»

ሁመድ ከመመለሱ በፊት የበድሩ አጎት፣ ሽማግሌ ሰው፣ ዱላውን መሬት ላይ ጥሎ ከወገኑ ወጣ።

«እኛም ‹አፋር› ብለናል» አለ። «እሱ በደብተር ጻፈ፤ እኛ ዱላ ይዘን መጣን። ለእኛም አፉ በለን።»

ሁመድ ሁለቱንም ተራ በተራ አያቸው። በገበያው ውስጥ የሚሰማው የግመሎቹ ማመስኳት ብቻ ነበር።

«አፉ ብያለሁ» አለ።

ከሁለቱም ወገን «አሚን» የሚል ድምፅ ተነሣ፤ ሰውም መተንፈስ ጀመረ። ሁመድ ግን ወደ ዘመዶቹ አልሄደም። ወደ ሚፍታህ ጠጋ አለ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«በድሩ ስድስት ዓመት ደንበኛዬ ነበር» አለው። «አገር ሲያለቅስለት እኔ ገዳዩ ነበርኩ። ቤቱ ውሰደኝ፤ እኔም ላልቅስለት።»

ሚፍታህ የፒካፑን በር ከፈተ። የበድሩ አጎት ቀድሞ ገባና ለሁመድ ቦታ ለቀቀለት።